የጥምቀት ገንዳው እንሽላሊቶች

ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለለምለም መስክ ወንጌላውያን ኅብረት
የሽማግሌዎች ጉባኤ ጽሕፈት ቤት
ትሮይቪል፣ ጆሃንስበርግ

ጉዳዩ፦ በጥምቀት ገንዳው ውስጥ የተጠለሉት እንሽላሊቶች እስከ የካቲት 26 ቀን ባሉበት እንዲቆዩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጉባኤው ሽማግሌዎች፣

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ አመልካች አጵሎስ አቢሶ የኅብረቱ አባል ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት፣ የአዳራሹን ቁልፍ ይዤ ማጽዳት ከጀመርኩ ደግሞ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የምተዳደረው በጁክስኬ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት አነስተኛ የተሳቢ እንስሳት ጥበቃ ማዕከል ውስጥ በተንከባካቢነት ተቀጥሬ ነው። ከዚያ በፊት ዲፕስሉት ውስጥ ስፓዛ ሱቅ ነበረኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘርፉኝ ተውኩት። ደጅ መጥናት የሚወድ ሰው አይደለሁም፤ ጉልበቱም የለኝም። ነገር ግን ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ጽሕፈት ቤቱ በየካቲት 4 ቀን በጻፈልኝ ደብዳቤ ሦስት ውሳኔዎች ደርሰውኛል። የአዳራሹን ቁልፍ እንዳስረክብ፣ ለሦስት ወር ከአገልግሎት እንድታቀብ፣ እንሽላሊቶቹንም እስከ ቅዳሜ የካቲት 13 ቀን ከገንዳው እንዳወጣ ነው። ቁልፉን በዕለቱ አስረክቤያለሁ። ቅጣቱንም ተቀብያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ማረፍ አይከፋኝም። አቤቱታዬ በሦስተኛው ውሳኔ ላይ ብቻ ነው።

2. በደብዳቤው «ቁጥራቸው ወደ ሃያ የሚደርስ እባቦች» ተብሏል። እባብ አይደሉም። አራት እግር ያላቸው፣ ጀርባቸውና ጅራታቸው እሾሃማ የሆነ፣ መርዝ የሌላቸው እንሽላሊቶች ናቸው። ከዚህ አገር የደጋ ሣር ሜዳ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ማለዳ ከጉድጓዳቸው ይወጡና ራሳቸውን ቀና አድርገው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ያዞራሉ። ሜዳቸው እየታረሰ፣ ሌባም እየለቀመ ስለሚሸጣቸው ቁጥራቸው መንምኗል። እንቁላል አይጥሉም፤ አንዲቱ እናት በሁለት በሦስት ዓመት አንድ ወይም ሁለት ብትወልድ ነው። ማዕከሉ በሰባት ዓመት ውስጥ ያገኘው ሁለት ልጅ ብቻ ነበር።

3. ቅዳሜ ጥር 22 ቀን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወንዙ የማዕከሉን አጥር ጥሶ ገባ። ኃላፊዬ ኮሮና ይዟት ቤቷ ተኝታ ነበር። ሌሎቹ ሁለት ሠራተኞች ጎብኚ ከጠፋ ጊዜ ጀምሮ ተቀንሰዋል። የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። በግድግዳው ላይ በላስቲክ የተለበጠ የአደጋ ጊዜ መመሪያ ተሰቅሏል፤ የትኛው እንስሳ በየትኛው ሳጥን በየት በኩል እንደሚወጣ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የተጻፈው ግን ስለ ሰደድ እሳት ነው። ስለ ውሃ አንድም መስመር የለውም። ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ለቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ተናግሬ «ይታያል» ተብዬ ነበር፤ እንግዲህ ታየ።

ይህ እንስሳ ሲፈራ ወደ ጉድጓዱ ይገባል እንጂ አይሸሽም። ውሃውን ሲሰሙም ገቡ። እኛም ዓመቱን በሙሉ ቤታችሁ ግቡ ተብለን ገብተን ከርመናልና አልፈርድባቸውም። ቤታቸው ግን ሊያሰጥማቸው ነበር። አካፋ ብጠቀም እቆርጣቸዋለሁ ብዬ በእጄ ቆፈርኩ። እሾሃቸውን አቁመው ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቁ እጄ በጣም ተጎዳ። ሃያ ሦስት ነበሩ፤ በሕይወት ያወጣሁት አሥራ ዘጠኙን ነው። አራቱን ዘግይቼ ደረስኩባቸው። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በዓመቱ ውስጥ ያላለቀስኩትን ሁሉ ያለቀስኩ ይመስለኛል።

4. ኃላፊዬ በስልክ እያሳለች «ከፍ ያለና ደረቅ ቦታ ይሁን እንጂ የትም ውሰዳቸው» አለችኝ፤ እሷም ወደ መንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ ቢሮ ደውላ የቃል ፈቃድ አገኘች። ለኦሬንጅ ፋርም ስፓዛዎች ዳቦ የሚያመላልሰው ወንድማችን ፋንታሁን ባኪ መኪናውን ይዞ ደረሰልኝ። «ኢሽ፣ ጋሼ! ዳቦ እኮ ነው የምጭንበት፤ ደንበኞቼ ቢያዩ አበቃልኝ!» እያለ የዳቦ ሳጥኖቹን ራሱ ዘረጋልኝ፤ ራሱም በጃኬቱ ሸፈናቸው። እኔ የምኖረው አምስት ነፍስ በሚያድርበት አንድ ክፍል ነው። ሰዓት እላፊው ሳይደርስብኝ ወደ አእምሮዬ የመጣው ደረቅ ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ገንዳችን ከመጋቢት 2012 ወዲህ ውሃ አላየም። ማንም ባይጠመቅበትም እኔ በየቅዳሜው አቧራውን ስጠርግ ነበርና ደረቅነቱን አውቃለሁ። በምሥራቅ በኩልም ትልቁ መስኮት አለ።

5. ጥፋቴን አልሸሽግም። በዚያ ቀን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አልተነሳም። ሦስተኛ አልደወልኩም። እሑድን፣ ሰኞንና ማክሰኞን ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው። ነገ እናገራለሁ እያልኩ አራተኛው ቀን ደረሰብኝ።

6. ረቡዕ ጥር 26 ቀን ማለዳ እህት ኤርጎጌ የጠዋቱን የዙም ጸሎት ከአዳራሹ ልታስተላልፍ መጣች። እኔ ገና ታክሲ ላይ ነበርኩ። ካሜራውን ስትከፍት ጀርባዋን ለገንዳው ሰጥታ ነበር። እንሽላሊቶቹ የመጠመቂያውን ደረጃዎች ወጥተው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ወደ መስኮቱ ዞረው ተደርድረዋል። ስልሳ አራት ሰው በየስልኩ አያቸው። እህት ኤርጎጌ ዓይኗን ጨፍና ትጸልይ ስለነበር ከሁሉ ኋላ ያወቀችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ እንሽላሊቶቹ አርባ ደቂቃ ያህል በአንድ ድምፅ ተገሠጹ፤ አልተንቀሳቀሱም።

በዚህ ላይ መከራከር አልፈልግም። በዓመቱ ውስጥ ስንቱን ወገናችንን አሥር ሆነን ቀብረናል፤ ስንቱንም በስልክ አልቅሰናል። ሰው ሁሉ ቀጣዩን መቅሠፍት ሲጠብቅ ነበርና መደንገጡ አይገርምም። ለማስረዳት ያህል ግን ይህ እንስሳ ፀሐይ ሞቆ ደሙ እስኪፍታታ ድረስ ቢገሥጹትም ቢለምኑትም አይነቃነቅም። መጽሐፍ አልጠቅስም፤ ከእኔ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

7. ያለፈው እሑድ፣ እናንተ ስትዘምሩ፣ ከገንዳው መጋረጃ ጀርባ አንደኛዋ ወልዳለች። ከአምልኮ በኋላ ገልጬ ሳይ ልጇ ከእናቷ ጎን ተለጥፋ ነበር፤ ርዝመቷ የመሐል ጣቴን ያህላል። ስለዚህ አሁን ሃያ ናቸው፤ የደብዳቤው ቁጥር ትክክል ሆኗል። ሌላም እርጉዝ አለች። የማዕከሉ የእንስሳት ሐኪም አይታት እስክትወልድ ድረስ ከቦታ ቦታ እንዳትዘዋወር አዛለች። በማዕከሉ ያለው አፈር ገና ውሃ እንደቋጠረ ነው፤ አጥሩና የጎርፍ መውረጃው ተሠርቶ የሚያልቀው የካቲት 26 ቀን ነው። የጥበቃ ቢሮው ኋላ በጽሑፍ የሰጠው ፈቃድም ለዚሁ ለአዳራሹ አድራሻ ብቻ የሚሠራ ሲሆን እስከ የካቲት 30 ቀን ይጸናል። ለሌላ አድራሻ አዲስ ፈቃድ ለማግኘት፣ ቢሮው በወረርሽኙ ምክንያት በግማሽ ሰው ስለሚሠራ፣ ከሦስት ሳምንት ያላነሰ ይፈጃል። ቅዳሜ ካወጣኋቸው የምመልሳቸው ወደዚያው ወደ ረጠበው ጉድጓድ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንድ ዝናብ ቢደገም እንደገና ልቆፍር ነው። ሁለተኛ ጊዜ የምቆፍርበት አቅም የለኝም።

ቁልፉን ካስረከብኩ ወዲህ በየማለዳው በሩን የምትከፍትልኝ እህት ኤርጎጌ ናት። ወደ ውስጥ አትገባም። ትናንት ግን ከደጅ ሆና «የተወለደችውስ በላች?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ለምስክርነት ያህል ጠቅሻለሁ።

8. እሑድ የካቲት 14 ቀን ዘጠኝ ሰዎች ሊጠመቁ እንደሆነ አውቃለሁ። ትምህርቱን ቀድማ ስለጨረሰች በዝርዝሩ የመጀመሪያው ስም የልጄ የሶልያና ነው። ልትጠመቅ የነበረው እሑድ መጋቢት 20 ቀን 2012 ነበር፤ አገሩ የተዘጋው ደግሞ አርብ መጋቢት 18 ነው። እናቷ የአለምወርቅ በእጇ የሰፋችው ነጭ ቀሚስ አንድ ዓመት ሊሞላው በቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ልጅቷ በዚህ መሐል አድጋለች።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሜይፌር ሄጄ የእህት ኅብረታችንን መጋቢ ለምኛለሁ። የራሳቸውም ተጠማቂዎች አሏቸው፤ በቤት ውስጥ የሚፈቀደውም ሃምሳ ሰው ብቻ ነው። ቢሆንም በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእኛ ስምንት ሰዎችን ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሊቀበሉ ተስማምተዋል። ዘጠነኛ ጨምሩ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ፤ አልተቻለም።

ይህን ለሶልያና ስነግራት «ዳዲ፣ ኢትስ ፋይን። አንድ ዓመት ጠብቄ የለ? እነሱ ቢወጡ የት ይገባሉ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። የአለምወርቅ ግን ይህን ከሰማች ጀምሮ እራቴን ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። አጥፍታለች አልልም። የገዛ ልጁን ቀን ነሥቶ ለእንሽላሊት ቀን የሚለምን አባት ሆኜ መታየቴን አውቃለሁ። እኔንም ያመኛል።

9. ስለዚህ የተከበረው ጉባኤ፦

ሀ) እንሽላሊቶቹ እስከ አርብ የካቲት 26 ቀን በገንዳው እንዲቆዩ እንዲፈቅድልኝ፤

ለ) ስምንቱ ተጠማቂዎች በተያዘላቸው እሑድ በሜይፌር እንዲጠመቁ፤ የምትቀረው አንዲቱም ልጄ እንድትሆንና እሑድ የካቲት 28 ቀን በራሳችን ገንዳ እንድትጠመቅ እንዲወስንልኝ፤

ሐ) እኔ በኅብረቱ ብኖርም ባልኖርም፣ ከእንግዲህ ወንዙ ቢሞላ የማዕከሉ ሰዎች ማንን ደውለው ማስፈቀድ እንዳለባቸው አንድ ስምና አንድ ስልክ ቁጥር በጽሑፍ እንዲሰጣቸው፤ እነርሱም በግድግዳቸው ላይ ስለ ውሃ የሚጽፉት አንድ መስመር እንዲያገኙ

እጅ ነሥቼ እጠይቃለሁ። ውሳኔው እምቢ ከሆነም ከቅዳሜ በፊት እንዲነገረኝ እለምናለሁ፤ ሳጥኖቹን ከፋንታሁን መዋስ ስላለብኝ ነው።

ልጄ መስማማቷን በፊርማዋ ገልጻለች። ለባለቤቴም ቦታ ትቼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ሥራ ሄጃለሁ፤ የምታደርስላችሁ ሶልያና ናት። ባዶውን ካገኛችሁትም እንደ ተቃውሞ እንዳይቆጠርባት፤ እንደ ድካም ይቆጠርላት።

ከታላቅ አክብሮትና ከደከመ ወንድማችሁ ሰላምታ ጋር፣

አጵሎስ አቢሶ (ፊርማ)

ተጠማቂ፦ ሶልያና አጵሎስ (ፊርማ)

እናት፦ የአለምወርቅ (ፊርማ)
ተስማምቻለሁ። ቀሚሱ አጥሯታል፤ እስከዚያ አስረዝመዋለሁ። ገንዳውን ግን እሱ ራሱ በበረኪና ሦስት ጊዜ ይጠበው።