ጭቃ በአካፋ ሲለካ

ውድ ፊልሞን፣

በስልክ ብነግርህ አታስጨርሰኝም። ገና ስጀምር «ሐዲ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ትልና ትዘጋዋለህ። የሚገርመው ኔትወርኩ የሚቆራረጠው ሁልጊዜ ስለ ትራክተሩ ሳነሳ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ፤ ደብዳቤ አይዘጋም። ጠዋት ከመናኸሪያ ወደ ጂንካ ለሚወጣው ሾፌር እሰጠዋለሁ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷማ እንደምታውቀው ነው።

መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። «ትራክተሩን ሽጪውና ለእኔ ድርሻ የፈለግሽውን ላኪልኝ፣ በእኛ መሃል ሒሳብ የለም» ነው ያልከው። ደግነትህን አላጣሁትም። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አናደድከኝ። ይቺ «የፈለግሽውን» የምትባል ነገር ክረምቱን ሙሉ ስታሳብደኝ ከርማ፣ ተገላገልኳት ስል በአንተ በኩል ዞራ መጣች። አንተ ያፈላለግኸው የሻሸመኔው ገዢ ቅዳሜ እንደሚመጣ ደውሎልኛል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍነው ስማኝና ራስህ ፍረድ።

መቼም «ማሳ በሌለበት ትራክተር ምን ይሠራል?» ስትል ውሸትህን አልነበረም። አባባ በቱላ በኩል ለገበሬው ያርሳቸው የነበሩት መሬቶች ዛሬ ቤትና አጥር ሆነዋል። እሱ ካረፈ ወዲህ ትራክተሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ የእማዬ ዶሮዎች ያድሩበት ነበር። በሐምሌ ግን ያ ጉደኛ ዝናብ የታቦር ተራራን አፈር ጠራርጎ አምጥቶ ሰፈራችን ላይ ደፋው። ጠዋት በር ብንገፋ፣ በሩ አልከፈትም አለ። ኮብልስቶኑ የት እንደገባ አይታወቅም። ባጃጅ አይገባም፣ ሰዉ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ነው ሥራ የሚሄደው። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ቁጭ ብዬ ማየት አይሆንልኝም። ጋሽ ጠሀ ከብረታ ብረት ሱቃቸው አንድ ወፍራም ላሜራ ሰጡኝ፤ ከትራክተሩ ፊት አስበየድኩና ጭቃውን እየገፋሁ ወደ ታችኛው ሜዳ ማውረድ ጀመርኩ። መጀመሪያ የእኛን በር፣ ከዚያ የጎረቤቱን፣ ከዚያ የጎረቤቱን ጎረቤት። ሰው በየአጥሩ ወጥቶ «ጎበዝ! ሐዳሳ!» ሲል ብትሰማ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

«ሒሳብ ስንት ነው?» ይሉኛል። እኔ የአባባ ልጅ አይደለሁ? «ኧረ ግድ የለም፣ የፈለጋችሁትን» እላለሁ። ባለ ፎቁ ጋሽ ገብረጻድቅ ያንን ሜዳ የሚያክል ደጃፋቸውን ጠርጌላቸው ሁለት መቶ ብር ሰጡኝና «ተባረኪ» አሉ። አሜን አልኩ፤ ምርቃት ናፍጣ አይሆንም እንጂ። እትዬ ጸሐይወርቅ ደግሞ፣ ለዚያች ለጠባቧ በራቸው፣ የታጠፈ አንድ ሺህ ብር በመዳፌ ሸጉጠው «አትመልሺልኝ» ብለው ገቡ። በጡረታ የሚኖሩ ሰው! ብሩ እጄ ላይ ከበደኝ። ግን አንዴ «የፈለጉትን» ብያለሁ፣ ምን ብዬ ልመልሰው?

ሁለተኛው ጎርፍ በሳምንቱ መጣ። ትራክተሩን አሙቄ በር ላይ ቆምኩ። አንድም ሰው አልጠራኝም። ጭቃው እዚያው ነው፣ ሰዉም እዚያው ነው፣ ግን ሲያዩኝ ሰላም ብለው ቶሎ ያልፋሉ። ጋሽ ገብረጻድቅማ ጭራሽ መንገድ ቀየሩ። ምን አድርጌ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ያን ጊዜ ነው ለአንተ ደውዬ «እንሽጠው መሰለኝ» ያልኩህ፤ ሆዴ ባብቶ ነበር።

በማግስቱ ለእማዬ ዳቦ ልገዛ ስወጣ እትዬ ጸሐይወርቅን አየኋቸው። ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሸብ አድርገው፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ጭቃ እየዛቁ ወደ ቦዩ ይደፋሉ። ሮጥኩ።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው? እኔ እዚህ እያለሁ?»

«ተይኝ ልጄ፣ ደርሻለሁ።»

«ምን ደርሰዋል? ወገብዎ ሊቆረጥ ነው እኮ! ለምን አልጠሩኝም?»

ሳፋውን ቁጭ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ። ተቆጥተው ነበር።

«እንዴት ብዬ ልጥራሽ? ስንት ነው ብዬ ስጠይቅሽ አንድ ነገር ብትዪኝ፣ እችላለሁ ወይም አልችልም እላለሁ። ውድ ነው ብዬ እከራከርሻለሁ። አንቺ ግን የፈለጉትን አልሽኝ። የፈለጉትን ሲሉኝ ምን ልበል? ጥቂት ብሰጥ አዋረድኩሽ፣ ብዙ ብሰጥ ወሩን በምን ልገፋው? ሌሊቱን ሙሉ አነሰባት ይሆን ስል አደርኩ። በስንት ይሉኝታ ነው ደጃፌ የሚጠረገው?»

እኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ለካስ የራሴን ሸክም ነው ለእሳቸው ያሸከምኳቸው። ያን ቀን የአባባን ነገርም ገባኝ። አባባ ለገበሬው «የፈለጋችሁትን» ሲል ያምርበት ነበር፤ በልግም መኸርም ሲደርስ አንዱ በቆሎ፣ አንዱ ቆጮ፣ አንዱ ዶሮ ይዞ ይመጣላ። ያ ሰው የሚሰጠውን ማሳው ይነግረዋል። ደሞዝና ጡረታ የሚቆጥር የከተማ ሰው ግን ምኑ ይንገረው? ጭቃ አይታጨድም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈሩ እድር ስብሰባ ነበረው። ተነሥቼ ቆምኩና «ዋጋ ላወጣ ነው፣ አግዙኝ» አልኩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? መጀመሪያ በሰዓት እንበል አልኩ። «አንቺ እየተንቀራፈፍሽ ብትሠሪስ?» አለኝ አንዱ። በደጃፍ ስፋት ይሁን ሲባል ጋሽ ገብረጻድቅ «እኔን ልትጨርሱኝ ነው?» ብለው ብድግ አሉ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። በኋላ እትዬ ጸሐይወርቅ ቀስ ብለው «አካፋ የሌለው ቤት አለ?» ሲሉ ጠየቁ። የለም። «እንግዲያው ሰው አካፋውን ጭቃው ውስጥ ይትከል። ብረቱ ብቻ ከተዋጠ አንድ ዋጋ፣ ብረቱን አልፎ እንጨቱን ከነካ ሌላ ዋጋ። ሰፊ ደጃፍ ያለው በሁለት በር ይቆጠርበት። ሰው ከመጥራቱ በፊት ዋጋውን ቤቱ ሆኖ ያውቀዋል።» ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

ከዚያ ወጪዬን ዘርዝሬ ተናገርኩ፤ ናፍጣው፣ ዘይቱ፣ የእኔ ድካም። ስጨርስ ጋሽ ጠሀ መነጽራቸውን አውልቀው «ጎማውስ?» አሉ።

«ጎማው ምን ሆነ?»

«አያልቅም እንዴ? ነገ ጎማው ሲያልቅብሽ ትራክተሩን ታቆሚና እኛ ጭቃ ውስጥ እንቀራለን። ለእኛ ስትዪ ጨምሪበት።»

እስቲ አስበው ፊልሞን፣ ከፋዩ ራሱ ጨምሪ ሲል! ብረቱ ለተዋጠ ስድስት መቶ፣ እንጨቱን ለነካ ዘጠኝ መቶ ብር ተባለ። የጋራው መንገድ ከእድሩ ካዝና ይከፈላል ተባለ። ጋሽ ገብረጻድቅ አጉረመረሙ፣ ግን በሁለት በር ተቆጠረባቸውና ከፈሉ። አሁን መንገድ አይቀይሩም። ቆመው ያወሩኛል፤ እንዲያውም ላሜራው ተጣሟል ብለው ይቆጡኛል።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ጉዱማሌ አካባቢ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ «ያቺ በአካፋ የምትሠራዋ» እያሉ ይጠሩኛል። እትዬ ጸሐይወርቅ አካፋቸውን በር ላይ ተክለው ይጠብቁኛል። አንድ ቀን «እንጨቱን በአንዲት ጣት ስፋት ብቻ ነው የነካው፣ በስድስት መቶ አድርጊልኝ» ብለው ሲከራከሩኝ በደስታ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። እማዬን ደግሞ ልንገርህ። የእኛን በር ጠርጌ ስወርድ ዘጠኝ መቶ ብር በእጄ አስጨበጠችኝ።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ?»

«የእኔ ጭቃ ከሰው ጭቃ ያንሳል? እንጨቱን ነክቷል፣ ለክቼዋለሁ።»

እንቢ ብላት ሰፈሩን በጩኸት ልታፈርሰው ሆነ። ተቀበልኳት።

ፊልሜ፣ ደህና ነኝ። ከመቼውም በላይ ደህና ነኝ። ማታ ስገባ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ነው፣ ግን እየዘፈንኩ ነው የምገባው። ትራክተሩን መሸጥ አልፈልግም፤ ድርሻህን ልግዛው። ባንድ ጊዜ አልችለው ይሆናል፣ ግን እከፍልሃለሁ። አንተ በጂንካ ሆስፒታል ሥራ ይዘህ የራስህን ሕይወት ጀምረሃል፣ ደስ ብሎኛል፣ አልያዝኩብህም። የጎዳኝ «በእኛ መሃል ሒሳብ የለም» ማለትህ ነው። ሳነበው በር ዘግተህ የወጣህ መሰለኝ። ተቀይመኸኝ ይሁን፣ ቸግሮህ ይሁን፣ ወይ ከልብህ ሰጥተኸኝ ይሁን በምን ልወቅ? ሌሊት እንደ እትዬ ጸሐይወርቅ አነሰበት ይሆን እያልኩ ልደር? ዋጋህን ብትነግረኝ ግን በዛ እልሃለሁ፣ አንተም ስስታም ትለኛለህ፣ እንጨቃጨቃለን። ናፍቆኛል መጨቃጨቁ።

ስለዚህ ቁጥር ጻፍልኝ። አንድ ቁጥር። «የፈለግሽውን» ብለህ ብትልክልኝ ደብዳቤውን መልሼ ነው የምልከው። የሻሸመኔው ሰውዬ ቅዳሜ ከመጣም ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል።

የምትወድህ፣ የምትጠብቅህ እህትህ
ሐዳሳ

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ስጽፍ ታያለች። ለእኔ የምታግዝ መስሎኝ ነበር። «በርካሽ እንዳይሰጥሽ በይው» ትላለች። «የአባቱ ነው።»