ነጥቧ «ሁሉንም» ማለት ናት

ኤስኪል፣

የኦስሎው ባቡር ሊያመልጠኝ ነው፤ በአጭሩ ልጻፍልህ።

ኮምፒውተሬን ይዤው ሄጃለሁ፣ አትፈልገው። የዓሣው ሾርባ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። ቆሻሻ የማውጣቱ ተራ ያንተ ነው።

ትናንት «ምንም አይደለም» ያልኩህ ውሸቴን ነው።

የፊደሉን ቀለም ላሳምርልሽ ብለህ ፕሮግራሜን ከፈትክ፤ እሺ። ቀለሙ ሲያስጠላህ እሱን ብቻ መመለስ ነበረብህ። «ሪስቶር» የሚለው የመመለሻ ትእዛዝ ጫፍ ላይ ያደረግካት ነጥብ ግን «እዚህ ያለውን ሁሉ ወደ ነበረበት መልስ» ማለት ናት። የፕሮግራሙን ለውጥ የሚመዘግብልን ጊት ደግሞ ኮሚት ተደርጎ ያልተመዘገበ ነገር አያውቅም። የሳምንት ሥራዬ በአንድ ጊዜ ጠፋ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር በዚሁ ፕሮግራም የአውቶቡሱን የፌርማታ ጥሪ በጽሑፍ የሚያሳየውን ሰሌዳ ዛሬ ሊሞክር ይጠብቀኛል። ባዶ ሰሌዳ ይዤ ነው የምቀርበው።

እርግጥ ነው፣ «ኦድቬይግ፣ የነካካሁትን እንዴት ነው የምመልሰው?» ብለህ ስትጮህ ሻወር ውስጥ ሆኜ «ሪስቶር በልና ነጥብ አድርግበት!» ያልኩህ እኔ ነኝ። ስለ ራስህ ፕሮግራም የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። አንተን «ኮሚት አድርግ» እያልኩ ስጨቀጭቅ፣ እኔው ሳምንቱን ሙሉ አላደረግኩም።

ይሄን አሁን አንነጋገርበትም።

አፍረህ «ሌላ የኪራይ ክፍል ፈልጌ እወጣለሁ» ያልከውን ግን ተው። ሥራዬ መጥፋቱ ይበቃኛል፤ አንተም አትጥፋብኝ።

ኦድቬይግ