እጄ የማይደርስበት መዥገር

ጎሮ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፈለቀች፣ ለዲና እናት፤

እንዴት ከርመሻል? የድሬዳዋ ሙቀት እግርሽን አያሳብጠውም? እኔ ከመንገድ ተመልሻለሁ፤ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን የሚጽፍልኝ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን እሸቴ ነው። መነጽሩን ረስቶ መጥቶ ደረጃውን እንደገና ወርዶ ወጥቷል፤ ሁለታችንም ሳንጀምር ደክሞናል። የሾላው ነጋዴ ኪዱ ለሸቀጥ ወደዚያ ስለሚወርድ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። በስልክ ለምን አልሆነም እንዳትዪ። በስልክ ወይ አንቺ ትዘጊዋለሽ ወይ እኔ እዘጋዋለሁ።

የጻፍኩት ለአንድ ነገር ነው። መዥገር ሲነክሰኝ ጀርባዬን ትቀቢኝ የነበረው ምንድን ነው? እሸቴ ነጭ ጋዝ ነው ይላል። እሸቴ አያውቅም። እሱን ንገሪኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ለኩሉቢ ገብርኤል እንደ ልማዴ በእግሬ ሄድኩ። ብቻውን አይችለውም ብለሽ ለዲና እንደነገርሻት ሰምቻለሁ። ቻልኩት። ግን የዘንድሮው መንገድ ተባይ ብቻ ነበር። ሞጆ ያደርንበት አዳራሽ ቁንጫ እንደ ጤፍ የተዘራበት ነው። መተሐራ ቢንቢው በጋቢ ውስጥ አልፎ ይነክሳል። አዋሽ ላይ አልጋ ተከራየን ብለን ስንኮራ ትኋኑ ቀድሞን ገብቷል። እኔና ገመዳ አልጋውን ለባለቤቶቹ ለቀን መሬት ተኛን።

ገመዳን ታውቂዋለሽ፤ የቡልቡላው፣ ማሳው ላይ ፎቅ ከቆመበት በኋላ ዘበኛ የሆነው። የመንገድ ጓደኛዬ እሱ ነበር። ሚኤሶን እንዳለፍን ከብት የሚውልበት ሣር ላይ አረፍንና መዥገሩ ወጣብን። መቼም አትረሺውም፤ ጎህ ሲቀድ መንገደኛው ሁሉ ሳይነሳ በፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ገላ ይፈታተሻል። ባል የሚስቱን፣ ሚስት የባሏን፣ ብቻውን የመጣ የጓደኛውን። እኔ የገመዳን ጀርባ አየሁለት፤ ሁለት ነቀልኩለት። በል አንተም ሸሚዝህን ግለጥ አለኝ። እንቢ አልኩ። እኔን የምትፈትሸኝ ሚስቴ ናት አልኩት።

«እሷ እስክትመጣማ መዥገሩ ወልዶ ልጁን ይድራል» አለኝ። «መዥገር እንኳ ልጁን ይድራል፣ መንግሥቱ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጫማዬን አስሬ ቀድሜ ሄድኩ፤ ያን ቀን አላናገርኩትም። እሸቴ ይኼ ይቅር ይለኛል። አይቀርም፣ ጻፈው አልኩት።

ዲና ያገባችውን ሰውዬ ለምን እንዳልመረቅኩ ታውቂያለሽ። ጴንጤ ነው። ሠርጉ ላይ አልቆምም አልኩ፣ አልቆምኩም። አንቺ ልጅሽን ልታርሺ ብለሽ ድሬዳዋ ወርደሽ እዚያው ቀረሽ። እኔ ቃሌን አላጥፍም።

መዥገሩ ትከሻዬ መሐል ነበር፤ እጄ ከላይም ከታችም አይደርስበትም። ግንድ ላይ ታከክኩ፣ አጥር ላይ ታከክኩ። ኩሉቢ ስደርስ ትኩሳት ይዞኛል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ገመዳ ሳይጠይቀኝ ሸሚዜን ገልቦ ነቀለው። አካሉ መጣ፣ ጭንቅላቱ ቀረ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ያብጣል፣ ያሳክከኛል። ጤና ጣቢያ ሂድ ይሉኛል። አልሄድም፤ ለማንም ልጅ ጀርባዬን አልገልጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ቄሱ ለጸሎት ስም ይቀበሉ ነበር። ወረፋ ይዤ ቆምኩ። ያንቺን ስም ሰጠሁ፤ የዲናን ሰጠሁ። ሌላስ አሉኝ። ሕፃን አለ አልኳቸው።

«ስሙ ማነው?»

ወንድ መሆኑን ከኪዱ ሰምቻለሁ፤ ስሙን አልጠየቅኩትም። ከኋላዬ ያለው ሰው ይገፋኛል። የዲና ልጅ ብዬ ወጣሁ። ያን ሁሉ አገር በእግሬ ሄጄ የምሰጠው ስም አጣሁ። ከበሩ ውጪ የሚኒባስ ረዳቶች ድሬ፣ ድሬ፣ አንድ ሰው የቀረው እያሉ ይጣራሉ። ገመዳ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔ የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ያዝኩ።

አሁን ሰውነቴ ዝሏል። ውኃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ከኩሉቢ ይርቃል። አላማርርም። ለሐምሌው ገብርኤል መልሼ እሄዳለሁ። ክረምት ነው፤ ሣሩ ያድጋል፣ መዥገሩም ይብሳል። ይኼን እንድታውቂው ብዬ ነው።

ይህን ወረቀት ማን እንደሚያነብልሽ አውቃለሁ። አንቺም እንደኔ ፊደል አልቆጠርሽም፤ ዲና ገና ከመጀመሯ ታለቅሳለች። እንግዲህ የሚያነበው ሰውየው ነው።

አብኔዘር፤

እሸቴ እስክሪብቶውን ይዞ ቀና ብሎ አየኝ። ስሙ አይደል፣ ጻፈው አልኩት። አብኔዘር፣ ስላንተ ያልኩትን ሳትዘል እንዳነበብክላት አምናለሁ። መልሱን ስትጽፍ የቅባቱን ስም ጻፍልኝ። ከሥሩ የልጁን ስም ጻፍ። ጎላ አድርገው፤ የእሸቴ ዓይን ደካማ ነው። ሐምሌ ላይ ሲጠይቁኝ ዝም ማለት አልፈልግም።

ቅዱስ ገብርኤል ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ስሙን የሚጠራውንም የማይጠራውንም።

መንግሥቱ
ከሥር ያለው ሰማያዊ ቀለም የአውራ ጣቴ ነው።