«አለ» ጠብቆ ይነበብ

ለልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሰፈራችን ቶር ፒኛታራም እንደተውሽው ነው፤ አሳንሰሩ ዛሬም አይሠራም። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አበቃ፤ ተቆጥቻለሁ።

እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ያነበብሽው ግጥም በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ብቻዬን በተማርኩት እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ባሕር ስለዋጠው ከተማ የሚነገር የጥንት አፈ ታሪክ ነው፤ ልጇን ማዕበል የወሰደባት እናት ዳር ቆማ የሰመጠውን ደወል ትጠይቃለች። ገጣሚው ማዕበሉን በ«ስ» እና በ«ሽ» ያስጮኸዋል። እኔም «ሸሽቶ ተመለሰ፣ ተመልሶ ሸሸ» አልኩ። እሱን ደኅና አነበብሽ። ውኃ ሥር ስለሚበራው መስኮት ስታነቢም ሰዉ አንገቱን አስግጎ ያዳምጥሽ ነበር።

መጨረሻውን ግን ገደልሽው! ደወሉ «ልጅሽ አለ» ሲላት አላልተሽ አነበብሽ። ያ ቀልደኛ ሞላልኝ ከኋላ «ታዲያ ምን አለ?» ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው። ጠብቆ ነው የሚነበበው! ምላስሽ ላንቃሽን መትታ ትንሽ ትቆይ፤ የደወሉ ምታት እሱ ነው።

ስቆጣሽ በጣልያንኛሽ «አሎራ፣ እንግዲህ አባባ፣ ማጥበቂያ ምልክት አላደረጉበትም እኮ» አልሽ። አማርኛ መቼ ምልክት ኖሮት ያውቃል? የሚያውቀው አንባቢው ነው። «እንግሊዝኛውስ እንዲህ ነው የሚለው?» አልሽኝ ደግሞ። እንግሊዝኛው የኔ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስለ ወንድምሽ ስለ ፀጋአብ በር ላይ ያልሽኝ ነው። «ከሊቢያ በጀልባ ከተነሣ ሁለተኛ ክረምቱ ነው አባባ፤ ፍትሐት እናስደርግለት፤ እኔም ላልቅስ» አልሽ። የማን ፍትሐት? ሬሳ ያየ አለ? ቄሱ ዘንድ እንዳትሄጂ! ከሄድሽ ደጄን አትርገጪ።

የሚመጣው እሑድ ግጥሙን እንደገና ታነቢዋለሽ፤ እዚያው ሞላልኝ ፊት፣ አጥብቀሽ። «ሞክሬ ነበር፤ አልወጣ አለኝ» ያልሽውን እንዳልሰማሁ ቁጠሪው። አሁንም ካልወጣልሽ እኔ አጠገብሽ ቆሜ እለዋለሁ።

ብርድ ነውና ሻርፕሽን አትርሺ። በየብስም በባሕርም ያለውን የሚያይ አምላክ አንቺንም ፀጋአብንም ይጠብቅልኝ።

የሁለታችሁ አባት