በመላጣዋ ወፍ ጎጆ ዙሪያ ስለተቀባው ነጭ ክብ

ጁሱ፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠኝ፤ መጀመሪያ አለቃህን ሰላም ልበላቸው። "አንተ፣ ጨዋ ሁን፤ ትልቅ ሰው ናቸው" እያልክ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ።

ይድረስ ለተከበሩ የአውራጃችን የወፍ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ጣሪያ ዝናብ የማያስገባ፣ ጫማዎም እስከ ዛሬ እንደኖረው ጭቃ የማይነካው ይሁን እያልኩ ከቤንዱማ መንደር ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ላሃይ ቫንዲ ነኝ፤ ከጫካው ቋጥኝ ላይ ጎጆ የሚሠሩትን ወፎች ሲጠብቅልዎ ወድቆ የሞተው የጁሱ ታናሽ ወንድም፣ ተማሪ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. በመንደራችን መግቢያ ስላቆሙልን ሰሌዳ አመሰግናለሁ። ወፏ ደረቷ ነጭ፣ ራሷ ላባ የሌለው ቢጫ መላጣ ነው፤ እርስዎ ግን አዝነውላት ቀይ ጉትያ አሥለውላታል። "ጣፋጭ ዜማ ያላት" ተብሎም ተጽፎላታል። ጁሱ ይህን ሲያነብ፣ "ላሃይ፣ እስከ ዛሬ የሰማናት ጉሮሮዋን ሲያማት ነው እንዴ?" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

፪. ጎብኚዎች በመፈለግ እንዳይደክሙ በማሰብ፣ ቋጥኙ ላይ በእያንዳንዱ የጭቃ ጎጆ ዙሪያ ነጭ ክብ ስላስቀቡልን አመሰግናለሁ። ወንድሜ ወፎቹ በየዓመቱ ያንኑ ጎጆ ጠግነው እንቁላል እንደሚጥሉበት፣ ቀለሙን ካዩ ግን እንደማይጠጉት ሲነግርዎ፣ "አንተ ልጅ፣ ወፍን ቀለም ምን ያደርጋታል?" አሉት። ዝናቡ ገባ። ወፎቹ ከሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ሆነው ቋጥኙን እያዩ ይመለሱ ጀመር። ጁሱም እርጥቡ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ክቦቹን ፋቀ። አንድ ሲቀረው ወደቀ።

፫. ስለ ሐዘን መግለጫዎ። "ሟቹ ያለ ፈቃድ ወደ ጎጆዎቹ በመጠጋትና የወፎቹን ሰላም በማወክ ለአደጋ ተዳርጓል" የሚለውን እናቴ ደጋግማ አስነበበችኝ፤ እኔ የተሳሳትኩ መስሏት። በመጨረሻ፣ "ልጄ፣ ይህን በአርባው ሰው ፊት እንዳታነበው" አለችኝ። ስለዚህ ከመግለጫው ጋር የላኩልንን ሩዝ መልሰው ይውሰዱና፣ ከአርባው በፊት ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው በምትኩ እውነቱን ይጻፉልን። ሌላ የምለምንዎ ነገር የለም።

ወፍ ሳያዩ ወፍ ለሚጠብቁት ዓይኖችዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣ የሟቹ ጥፋተኛ ወንድም፣

ላሃይ ቫንዲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሌላ መግለጫ መጻፍ ቢያሻዎ ምክንያት ልስጥዎ። ጁሱን በቀበርን ማግስት፣ ጠዋት፣ ብቻዬን ያለ ፈቃድ ወደ ጎጆዎቹ ተጠጋሁ። ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ጨርቅ አሰርኩ፣ ጭቃ ውስጥ ነከርኩት፣ የቀረውን ክብ ቀባሁና ሸፈንኩት። ከዚያ እሱ ሁልጊዜ በሚያስቀምጠኝ ድንጋይ ላይ፣ ለእሱም ቦታ ትቼ፣ ተቀመጥኩ። ወፏ ብዙ ቆይታ መጣች፤ በአፏ ጭቃ ይዛለች። "ጁሱ፣ መጣች!" ልል ወደ ጎኔ ዞርኩና፣ እንዳላስደነግጣት አፌን በእጄ ያዝኩ።