የዶሮ ቤቱ ክብ በር

ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃዋን ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ቆመሽ ግድግዳውን የምታዪ መስለሽ ታርፊያለሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ያ የግራ ጆሮሽ ጩኸት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም የማትፈልጊውን ወሬ ማሳለፊያ ሆኖ ያገለግልሻል? የአባዬ ሳልስ? ከሁሉም ከሁሉም ተስማምታችሁ ነው ያላችሁት? ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ለወግ ያህል እንዳልጠየቅኩሽ ወደ ታች ስትደርሺ ይገባሻል። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ፀጉሬ ከፊት ለፊት እየሸሸኝ ነው እንጂ ሌላ የጎደለኝ የለም።

እህቴ፣ ይህን ለእማዬ የምታነቢላት አንቺ ነሽና አንድ ነገር ልለምንሽ። አባዬ እቤት ካለ እዚህ ላይ አቁሚና እስኪወጣ ጠብቂ። በስልክ ያልነገርኳችሁ ስልኩን ድምፁን ለቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ስለምታስቀምጡት ነው፤ በዚያ ስልክ የተነገረውን እንኳን አባዬ ጎረቤቱም ይሰማዋል። እንደ ልማድሽ ደስ ያላለሽን እየዘለልሽ እንዳታነቢም አደራ።

እማዬ፣ ነገሩ ስለ ዶሮ ቤቱ ነው። ዶሮ ቤቱ ሊፈርስ መሆኑንና ብረታ ብረቱን ለቆራሌው ለመስጠት መወሰንሽን እህቴ ነግራኛለች። ጣውላውም ቆርቆሮውም ይሂድ፣ ግድ የለኝም። ዶሮዎቹ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ያንን ክብ ነሐስ ግን እንዳትሰጪው ብዬ በእሷ በኩል ብልክብሽ «ትሂድልኝ፣ ቆራሌው ይውሰዳት» አልሽ አሉ። መልስሽ አልገረመኝም፤ ነገር ስትወስኚ አውቅሻለሁ። የገረመኝ «ትሂድልኝ» ማለትሽ ነው። ጣውላውን ይሂድ ትያለሽ፣ ቆርቆሮውን ይሂድ ትያለሽ፣ ያንን ነሐስ ግን እንደ ሰው «እሷ» ትያታለሽ። ያውም በቁልምጫ አይደለም። ይሄ ነገር ዕረፍት ነሳኝ፣ ሥራዬም ሆነና መፈተሽ ጀመርኩ።

መቼም መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ ስልሽ እህልና ሳሙና የተደረደረበት መስሎሽ ይሆናል። አይደለም። እኛ የምንሸጠው ያረጀ ነገር ነው። የፈረሱ መርከቦች ደወልና መሪ፣ የባቡር ፋኖስ፣ የጣቢያ ሰዓት፣ የተዘጋ ፋብሪካ ማርሽ፣ የእንፋሎት መለኪያ፣ ምን እንደነበረ ማንም የማያውቀው ሌላም ብዙ ነገር። አባዬ ቢሰማ ልጄ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ቆራሌ ሆነ ማለቱ አይቀርም፣ አልተሳሳተምም። ልዩነቱ ቆራሌው የገዛውን ለማቅለጫ ይሰጠዋል፣ እኛ ግን የምንሸጠው እርጅናውን ነው። ባለፈው አንዲት ሐኪም የማይሠራ የባቡር ጣቢያ ሰዓት ገዛች። ላስጠግንልሽ ብላት እንዳትነካው አለችኝ። ማዕድ ቤቷ ሰቅላው ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ከሩብ እንዲሆን ነው የምትፈልገው። ለምን ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ አፍሬ ተውኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጋዘኑ ባለቤት ሽማግሌ ነው። ካፒቴን እንለዋለን፣ እሱም ስሙን ወዶታል፤ ግን በዕድሜው መርከብ ተሳፍሮ አያውቅም፣ ጀልባ ገና ከሩቅ ሲያይ ነው የሚያጥወለውለው። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቁር የመርከብ ፋኖስ ሰጥቶኝ አጽዳው አለኝ። እኔ ደግሞ ያንቺ ልጅ ነኝ። አንቺ ድስት እንደምትፈትጊው በአሸዋና በሎሚ ፈትጌ ፊት የሚያሳይ አድርጌ አቀረብኩለት። ካፒቴን አየውና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። የባሕር ጨው ሰማንያ ዓመት የሠራውን መልክ በአንድ ከሰዓት አጠፋህበት አለኝ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ አቧራ አራግፋለሁ እንጂ አልፈትግም። ዕቃው ምን እንዳሳለፈ ከላዩ ላይ ማንበብ ነው ሥራው፣ እያደር ገብቶኛል።

ከሁሉ የምወደው አንድ ትልቅ የነሐስ ነገር አለ፣ ፊቱ እንደ ሰዓት ክብ ሆኖ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ቀስ፣ ቁም የሚል ተጽፎበታል። የመርከቡ አዛዥ ከላይ ሆኖ እጀታውን ሲያዞር ሞተር ክፍል ላለው ሰው ደወል ይደውልለታል። ያ ሰው የራሱን እጀታ አዙሮ ሰምቻለሁ ካላለ በቀር አዛዡ መልእክቱ ይድረስ አይድረስ አያውቅም። ለእናንተ ቤት አንድ ባገኝ ብዬ ተመኝቻለሁ።

እና ባለፈው ወር ከአንድ አሮጌ መርከብ አሥራ አንድ መስኮቶች መጡ። የመርከብ መስኮት እንደ ቤት መስኮት አይደለም። ክብ ነው፤ ወፍራም የነሐስ ቀለበት ሆኖ ዙሪያውን የብሎን ቀዳዳ፣ በአንድ ጎኑ ማጠፊያ፣ በሌላው ጎን የማጥበቂያ ጆሮ አለው። መስታወቱ የወለቀውን አንዱን አንስቼ ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው እጄ አወቀው። ዓይኔ ገና አላወቀውም፣ እጄ ነው ያወቀው። እንቁላል ስለቅም ክንዴን እስከ ትከሻዬ የምሰድበት ቀዳዳ ነዋ። የብሎን ቀዳዳዎቹን ቆጠርኩ፣ ስምንት። የኛም ስምንት ነው፤ አንዱን ተርብ በጭቃ ደፍኖት ሰባት ነው ብዬ ከእህቴ ጋር ፀጉር ተናጭተንበታል። እማዬ፣ ዶሮዎቻችን ይህን ሁሉ ዓመት ሲገቡ ሲወጡ የኖሩት በመርከብ መስኮት ነው።

አባዬ ከየት አመጣው? እኛ የምናውቀው አንቺን ካገባ በኋላ ወደብ ከተማ ሄዶ ሁለት ዓመት ዱቄት ፋብሪካ መሥራቱን ነው። ይህን ሳወጣ ሳወርድ አንድ ቀን ዕቃ ስናስር ካፒቴን ና የመርከበኛ ቋጠሮ ላሳይህ ብሎ ገመድ አነሳ። እሱ ሳይጨርስ እኔ ጨረስኩለት። አባዬ የልብስ ማስጫሽን የሚያስርበት፣ ሲጎትቱት የሚጠብቀው፣ በአንድ ጣት የሚፈታው ቋጠሮ ነው። ማን አስተማረህ ሲለኝ፣ አባቴ፣ ዱቄት ፋብሪካ ነበር የሚሠራው አልኩት። ካፒቴን መነጽሩን አውልቆ አየኝና፣ ዱቄት እንዲህ አይታሰርም አለኝ።

ቀጥሎ ጽሑፉ ትዝ አለኝ። በቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በሚስማር የተጫረውን ታስታውሻለሽ? እንዴት አታስታውሺም። እኔ ፊደል የለየሁት የዶሮ ኩስ በጥፍሬ እየፋቅሁ በሱ ላይ ነው። «ከሐመር የተሰጠኝ፣ የማልረሳት» ይላል። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ሐመር ማን ናት ብዬ ስጠይቅሽ ሽንኩርት እየከተፍሽ ነበር። አባትህን ጠይቀው አልሽና ቢላዋውን አስቀምጠሽ ወጣሽ። እኔም ፊትሽ አስፈርቶኝ አባዬን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

አሁን እህቴን ይቅር በያት፣ አስጨንቄ አናዝዣት ነው እንጂ ወዳ አልተናገረችም። በሠርጓ ማግስት የነገርሻትን ነገረችኝ። አባዬ ሲመለስ ያንን ነሐስ በጨርቅ ጠቅልሎ እንዳመጣው፣ ያኔም ማንበብ ስለማትችይ ጎረቤት ጠርተሽ እንዳስነበብሽ፣ ጎረቤቷም ሐመር የምትባል ሴት የሰጠችው ነው እንዳለችሽ። አንቺም ትንፍሽ ሳትዪ ነሐሱን ለአናጺው ሰጥተሽ የዶሮ በር አድርገው አልሽው። ዶሮ ይግባባት፣ ዶሮ ይውጣባት ብለሽ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ይህን በሆድሽ ይዘሽ ከአባዬ ጋር አንድ ገበታ ቀርበሻል። እማዬ፣ አንጀቴን ነው የበላሽው።

ከእኔ ጋር ቤት የሚጋራ የአገራችን ሰው አለ። ሥራው አውቶቡስ ማጠብ ነው፣ ግን በልጅነቱ እንደ አባዬ የቤተ ክህነት ትምህርት ስለቀመሰ ሊቁ እንለዋለን። ጽሑፉን ወረቀት ላይ ገልብጬ ባሳየው መጀመሪያ ተቆጣኝ፤ ሐመርን በሃሌታው ሀ ጽፌው ኖሯል። ነሐሱ ላይ በየትኛው ነው የተጻፈው አለኝ። ሦስት እግር ባለው አልኩት። እንዲያማ ከሆነ ሴት አይደለችም አለና ሳቀ። ያ ፊደል ራሱ ስሙ ሐመሩ ሐ ነው፣ ሐመር ደግሞ በግእዝ መርከብ ማለት ነው፣ ይህን ሳታውቅ ነው መርከብ የምትሸጠው አለኝ። እጄን በአፌ ጫንኩ።

መርከብ ናት እማዬ። ብረት ናት። ጭስ የምትተፋ፣ ሆዷ በዘይት የተጨማለቀ አሮጌ መርከብ። ካፒቴን እንደነገረኝ መርከብ ሊፈርስ ሲል ያገለገሏት ሰዎች አንዳንድ ዕቃ ለማስታወሻ ይወስዳሉ። አባዬ መስኮቷን ወሰደ። ከሐመር የተሰጠኝ ያለው ይሄንን ነው።

ታዲያ እንደ ሰው ከመርከብ ብሎ አይጽፍም? ይሄኛው ሦስት ቀን አሳሰበኝ፣ መልሱ ግን አንቺው ጋ ነው። ታላቅ ወንድምሽን ውሃ ከወሰደው ወዲህ አንቺ ባልዲ ሙሉ ውሃ እንኳን በጥርጣሬ ነው የምታዪው። አባዬ ሊሄድ ሲነሳ እጁን ይዘሽ ውሃ ላይ እንዳትሠራ ብለሽ አስምለሽው የለ? መርከብ ብሎ ቢጽፍ የሚያነብልሽ አይጠፋም። ስለዚህ አንቺም ጎረቤቱም የማታውቁትን ቃል ከትምህርቱ መዞ አወጣ። ብልጠቱ መልሶ እሱኑ ጠለፈው። እሱ የደበቀው መሐላ ማፍረሱን፣ አንቺ ያገኘሽው ሌላ ሴት። ነሐሱ ዶሮ ቤት ላይ ተመትቶ ሲያይ ቃል አለመተንፈሱ አይገርምሽም ነበር? ለምን ቢልሽ ከየት አመጣኸው እንደምትዪው ያውቃላ። አንቺ በሴቲቱ አፍሮ ዝም ያለ መሰለሽ። ማፈሩንስ አፍሯል፣ ግን በውሃው ነው።

ተሳስቼም ሊሆን ይችላል፣ እኔ እንደሆንኩ ነገር ማገጣጠም ሥራዬ ሆኗል። ስለዚህ እህቴ፣ በማጠፊያው ሥር ትንሽ ቁጥር መኖር አለበት። ወረቀት ደርበሽ በእርሳስ እሺበትና የወጣውን ላኪልኝ። ካፒቴን ዕድል ከቀናን ከቁጥሩ የመርከቧ እውነተኛ ስም ሊገኝ ይችላል ይላል። ከየት ወዴት ትሄድ ነበር፣ ምን ትጭን ነበር፣ አባዬ የትኛው ክፍል ውስጥ ነበር፣ በዚያ መስኮት ምን ያይ ነበር፣ ይህን ሁሉ ማወቅ እፈልጋለሁ። በሎሚ እንዳትፈትጉት ብቻ።

እማዬ፣ አሁን የከበደኝን ልናገር። ከላይ መስኮቶቹ መጡ ብዬ ጻፍኩልሽ። በራሳቸው አልመጡም፣ ሄጄ የፈታኋቸው እኔ ነኝ። መርከቡ ገና ውሃ ላይ ነበር። በሞተር ጀልባ ሄደን በገመድ መሰላል ወጣን፣ አንዴም አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። እኔንም ፌርማታው ላይ እጄን ይዘሽ አስምለሽኝ ነበር፣ አልረሳሁትም። በመጀመሪያው ቀን አንቺን እየጠራሁ ነው የወጣሁት። ላይ ደርሼ ውሃውን ዙሪያውን ሳየው ግን፣ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ለእማዬ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ የሚለው የመጣው ወደ ታች ስወርድ ነው። አባዬም ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄው ሆኖበት ይሆናል።

የምትቆጪ ከሆነ ለሁለታችን አካፍለሽ ተቆጪ። የእኔን ድርሻ በደብዳቤ ላኪልኝ፣ ይገባኛል። የአባዬን ከመጀመርሽ በፊት ግን ቀለበቱን ከዶሮ ቤቱ አስፈትተሽ ጠረጴዛው ላይ ፊቱ አስቀምጪለት። ከዚያ ሐመር ማን ናት ብለሽ ጠይቂው። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳን አልጠየቅሽውም። እህቴ፣ ያን ጊዜ ፊቱ ምን እንደሚመስል ሳትዘልዪ ጻፊልኝ።

እህቴን ጉሮሮዋ ደርቋልና ውሃ ስጪልኝ። ባሏን እንዴት ነህ በይልኝ፣ ቀለበቱን ሲፈታ ብሎኖቹን እንዳይጥል። እንቁላል ለቃሚዋን የልጅ ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ እሷም ክንዷን እየሰደደች እንደሆነ ሰምቻለሁ። ያነበበችልሽን ጎረቤታችንን ሰላም በይልኝ፣ ፊደሉን በትክክል አንብባልሻለችና አትቀየሚያት። ለዶሮዎቹ ሌላ በር ይፈለግላቸው። የአባዬን ጉልበት ስሜያለሁ። ሐመርንም አንቺ ሳሚልኝ። አይሆንም ካልሽ አባዬ ይሳማት፣ አንቺ አጠገቡ ቆመሽ እያየሽ።

ልጅሽ፣ ትንሹ

ከመጋዘኑ የኋላ ክፍል፣ ከገመዶቹ መሃል
የካቲት ፱ ቀን