«አባባ ላይ አድርጊው»

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፦

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ ደረጃውን እሺ ብሎ ይወጣልሃል? እማዬ ወገቧን ተሻላት? ታናሽ እህቴንስ ያ ሳል ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም፤ ደህና ነኝ።

ዓይንህ የካሜራውን ቁጥር አልለይ ስላለህ ፎቶ ቤቱን ልትዘጋ መሆኑን እህቴ በስልክ ነገረችኝ። «በአውቶማቲክ አንሳ» ብትልህ ሽንጥህን ገትረህ «ካሜራው ካነሳ እኔ ምን ልሠራ ቆሜያለሁ?» አልካት አሉ። ሳቅኩም፣ ሆድም ባሰኝ። እሷው ታንብብልህና ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው ስማኝ። አንቺም ከራስሽ ቃል እንዳትጨምሪበት!

የምሠራበት የመታወቂያ ፎቶ ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ወንበሩ አንድ እግሩ አጥሮ በካርቶን የተደገፈ። ስቀጠር ሁሉም የሚያነሱት በአውቶማቲክ ነበር። ካሜራው ነጩን ግድግዳ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ የሰው ፊት ይጠቁራል። አንዲት ነርስ ፎቶዋን አይታ «ይሄ ጥላዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ብላ መለሰችው። አለቃችን ጥፋቱን በነርሷ ፊት ላይ ሊያላክክ ሲል አላስቻለኝም። አንተ እንደ ድሮው «አንቺ ልጅ፣ ግድግዳውን ተዪው፣ ፊቱን እዪ» ስትለኝ የሰማሁ መሰለኝ። ካሜራውን በእጅ ወደሚስተካከለው ማኑዋል አዞርኩና ፍጥነቱንም፣ የሌንሱን መክፈቻም አንተ እንዳስተማርከኝ አስተካክዬ አነሳኋት። ነርሷ አዲሱን ፎቶ ስታይ ፀጉሯን ነካ አደረገችና ለእናቷ የምትልከው አንድ ተጨማሪ ጠየቀችን።

ባልደረቦቼ ግን ቁጥሩን መያዝ አቃታቸው፤ አንዷ ስታስተካክል ሌላው ነካክቶ ያበላሻል። ኋላ ካሜራው የእኛኑ ቁጥር መዝግቦ እንደሚይዝ ደረስኩበት። ቁልፉን «1» የሚለው ላይ ስታዞረው ሁሉም እንዳስቀመጥከው ይመለሳል። ከማን ተማርሽው ሲሉኝ ከአባቴ አልኳቸው፤ የቁልፉም ስም በዚያው «አባባ» ሆኖ ቀረ። አሁን ደንበኛ በገባ ቁጥር «አባባ ላይ አድርጊው» ይባባላሉ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ «ምኔ ላይ ነው የምታደርጉት?» ብለው ከወንበሩ ብድግ አሉ።

አየህ አባዬ፣ አውቶማቲክ ራሱ ነው የሚወስነው። ይሄኛው ግን አንተ የወሰንከውን ይጠብቅልሃል እንጂ አይከራከርህም።

ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልህ ሰው እጅ አንድ ካሜራ ልኬልሃለሁ። ቁጥር ማየት አያስፈልግህም፤ ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ይላል። መነሻውን በጣትህ እንድትለየው ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። አንዴ ቀጭ ሲል የፎቶ ቤታችን መብራት ነው፤ ሁለቴ ሲል ደጅ፣ ጥላ ሥር። ሁሉም ድሮ ያስጠናኸኝ ቁጥሮች ናቸው።

ሦስተኛውን ባዶ ትቼዋለሁ። ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ላስቀምጥልህ ብዬ ቁጥሩ ጠፋኝ። ካየሁት ስንት ዓመቴ! አንተ ግን ዓይንህን ጨፍነህም ታውቀዋለህ። እማዬን እዚያ አስቀምጣት፤ ዕድሜ ልክህን «ደንበኛ ይቅደም» እያልካት ይኸው አንድ ደህና ፎቶ የላትም። አንተ ቁጥሩን ጥራ፣ እህቴ ታዙረው፣ ከዚያ መዝግቡት። መዝጋቱን የዚያን ጊዜ እንነጋገርበታለን።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ለፎቶው ነጠላዋን አውልቃ ፀጉሯን ታሳየን በልልኝ። እህቴን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውንም እንዴት ነህ በልልኝ።

ፎቶውን ስትልክልኝ የበረንዳውን ቁጥር ከጀርባው አስጽፍበት፤ እዚህ የእኔም ካሜራ ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው።

ልጅህ
ከነጩ ግድግዳ ክፍል፣ ኅዳር 9 ቀን